የዕፅዋት ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ፖላንድኛ፦ የካርድ ሳጥናችን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ መጨረሻ

ፖዝናን ውስጥ ሦስት የሐበሻ ቤተሰቦች ሆነን አንዲት ጃውካ ይዘናል። ጃውካ ከተሜው ፖላንዳዊ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያለማባት ቁራሽ መሬት ናት። ብቻዋን አትገኝም። በአንድ አጥር ውስጥ ከመሰሎቿ ጋር ተደርድራ ነው ያለችው። በ2013 የወጣው ሕግ ስፋቷ ከ500 ካሬ ሜትር፣ ውስጧ የምትሠራው ጎጆ ደግሞ ከ35 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ልማዱ ግን ከሕጉ በብዙ ይቀድማል። ዛሬ ፖላንድ በሚባለው ምድር እንዲህ ያለ ግቢ መጀመሪያ የተከፈተው በ1897 ግሩጆንጽ ከተማ ነው።

ችግራችን ቋንቋ ነው። ከእኛ መሃል አብዛኛው ሰው ስለ ጓሮ አትክልት ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ዩቲዩቡም፣ ስልክ ላይ ያለው የተክል አፕም እንግሊዝኛ ነው። የዘር ፓኬቱ፣ የገበያው የዋጋ ወረቀትና የጎረቤት ምክር ግን ፖላንድኛ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ የካርድ ሳጥን ልሠራ ተነሣሁ። እንግሊዝኛውን ይዞ የመጣ ሰው ፖላንድኛውን እዚያ ያገኘዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መዳፍ የምታክል ጠንካራ ወረቀት። ከላይ እንግሊዝኛው፣ ቀጥሎ ፖላንድኛው፣ ቀጥሎ የሳይንስ ስሙ። ከታች አነባበቡ በፊደል፣ አማርኛ ስም ካለውም አማርኛው። መደቡ ላይ የሚተከሉትን የፕላስቲክ ታርጋዎችም አብሬ እጽፋለሁ። ሁሉም በእርሳስ ነው የሚጻፈው። የማርከር ቀለም ፀሐይ ቶሎ ታነሣዋለች። እርሳስ ግን ዝናብም ፀሐይም ችሎ ይቆያል።

ፊደላችን ለፖላንድኛ እንዴት እንደሚመች ሳላነሣ አላልፍም። ፖላንዶች የላቲንን ፊደል ስለሚጠቀሙ ‹ች›ን፣ ‹ሽ›ንና ‹ዥ›ን ለመጻፍ ሁለት ሁለት ፊደል ያጣምራሉ፤ ወይም ነጥብና ጭረት ይጨምራሉ። እኛ አንድ አንድ ፊደል ይበቃናል። ‹ኝ› እንኳ አለን። ከሁሉ የሚገርመኝ ለውጭ ሰው ከባድ የሚባለው አንዱ አናባቢያቸው ነው። ከእኛ ሳድስ ጋር በጣም ይቀራረባል። ‹ፓፕርካ› ብዬ ስጽፈው ጎረቤቴ እንደሚሉት ሆኖ ይወጣል። ፊደል የማይበቃው ‹ት› እና ‹ስ› ተጣብቀው ለሚነገሩበት ድምፅ ነው። እሱን በ‹ጽ› ልጽፈው ወሰንኩ።

አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። ተክሉን በዓይን ሳላይ ወይም በእጅ ሳልይዝ ካርድ አይጻፍም። መዝገበ ቃላት የሚያየው ቃሉን ብቻ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ሦስት የተለያየ ተክል ሲይዝ የቱን እንደፈለግን አያውቅልንም።

ማርች፣ የፓኬት ሳምንት

የዘር ፓኬቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። እዚህ ላይ ሥራው ከጠበቅኩት በላይ ሰፋ።

ካሮት በመዝገበ ቃላት ‹ማርሄፍ› ነው። ፓኬቱ ላይ ግን ‹ናሾና ማርህፊ› ይላል፤ የካሮት ዘር ማለቱ ነው። ኪያር ‹ኦጉሬክ› ነው፤ ፓኬቱ ላይ ‹ኦጉርካ› ይሆናል። ዱባ ‹ድኛ› ነው፤ ፓኬቱ ላይ ‹ድኚ›። ቀይ ሥር ‹ቡራክ›፣ ፓኬቱ ላይ ‹ቡራካ›። እኛ ‹የ›ን ከፊት አስገብተን ‹የካሮት› ስንል ቃሉ ራሱ አይነካም። ፖላንድኛ ግን ጅራቱን ይቀይረዋል፤ አንዳንዴ መሃሉንም። እንግሊዝኛውን ይዞ መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው ‹ማርሄፍ›ን ይዞ ሱቅ ይገባል። መደርደሪያው ላይ ‹ማርሄፍ› የሚል ፓኬት አያገኝም።

ስለዚህ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ‹ፓኬት ላይ› የሚል። የተጻፈው እንዳለ፣ ጅራቱ እንደተቀየረ ይገባል።

ከስሞቹ ሌላ የፓኬቱ ጀርባም ካርድ ይፈልጋል። ‹ቭሼፍ› መዝራት ነው። ‹ዝቢዩር› መሰብሰብ። ‹ዶ ግሩንቱ› በቀጥታ መሬት ላይ ማለት ነው። ‹ፖድ ኦስዎናሚ› ደግሞ በሽፋን ሥር፣ ለምሳሌ ላስቲክ ቤት ውስጥ። እነዚህን አራት የያዘ ሰው የፓኬቱን የወር ሰንጠረዥ ያነባል። ሌላው ቢቀር ይቀራል።

አንዷ ቃል ደስ አሰኘችኝ። በፓኬቱ ፊት ላይ ‹ኦድሚያና› ተብሎ የዝርያው ስም ይከተላል። እንግሊዝኛው ቫራይቲ የሚለው ነው። የፖላንድኛ ሰዋስው መጽሐፍ ደግሞ ያንን የጅራት መቀያየር የሚጠራው በዚያችው ቃል ነው፤ ‹ኦድሚያና›። በአንድ ፓኬት ላይ ሁለቱም ኦድሚያናዎች አሉ ማለት ነው፤ የተክሉም የቃሉም።

ማርች ማብቂያ

ባቄላ ዘራን። ባቄላን ሳነሣ ይህን ካርድ ለብቻው ማየት ግድ ነው።

እንግሊዝኛ ቢን ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ቢን። ፖላንድኛ ግን ይለያል። ‹ቡፕ› የእኛ ባቄላ ነው፤ ‹ፋሶላ› ቦሎቄና አደንጓሬ። ልዩነቱ በመሬቱ ላይ ከባድ ነው። ቡፕ ብርድ ይችላል፤ በማርች ይዘራል። ፋሶላ ውርጭ ካገኘው አለቀለት፤ የሚዘራው ሜይ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ‹ቢን› የሚል ካርድ ብቻ ቢኖረን ኖሮ አንዱን ባንዱ ወር ዘርተን ዘሩን መሬት ውስጥ እናበሰብሰው ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ መንገዱ አጭር ነው። ባቄላ ካልን ቡፕ ነው፤ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር አያስፈልግም። አተርም እንዲሁ ‹ግሮህ› ነው። እንዲህ ባሉት ካርዶች ላይ አማርኛውን በትልቁ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ኤፕሪል

ፖላንዶች ይህን ወር ‹ክፊየቼኝ› ይሉታል። አበባ ‹ክፊያት› ነውና ስሙ የአበባ ወር እንደማለት ነው። ከሌሎቹ ወሮቻቸውም አንዳንዶቹ ከተክል ጋር የተቆራኙ ናቸው። ጁላይ ‹ሊፒየጽ› ነው፤ ‹ሊፓ› ከሚባለው ዛፍ። ሴፕቴምበር ‹ቭዤሼኝ› ነው፤ ‹ቭዦስ› ከሚባለው ሐምራዊ የቁጥቋጦ አበባ። ኦክቶበር ‹ፓዥጄርኒክ› ነው፤ ተልባ ለክር ሲፋቅ ከሚራገፈው ገለባ። ኖቬምበር ‹ሊስቶፓት› ነው፤ የቅጠል መርገፍ። ዘመነ ጽጌ ያለን ሰዎች ነንና ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንብንም። ለወሮቹ የተለየ ቀለም ያለው ካርድ ሰጠኋቸው፤ የዘር ሰንጠረዡ ጀርባ ላይ ይገባሉ።

በዚሁ ወር የአበባ ክፍሎችን ጀመርኩ። ከቤተሰቦቹ የአንደኛዋ ልጅ ባዮሎጂን በትምህርት ቤት በፖላንድኛ ትማራለች፤ አባቷ የሚያግዛት በእንግሊዝኛ ከተማረው ነው። ሁለቱን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ የቱሊፕና አንድ የፖም አበባ ፈታታን። ፔታል ‹ፕዋቴክ› ነው። ስቴመን ‹ፕሬንቺክ›፣ ፒስቲል ‹ስዉፔክ›። ሴፓል ላይ ስንደርስ ልጅቷ ሳቀች። ‹ጃውካ ኪየሊሃ› ነው የሚባለው። የጽዋ ጃውካ! የምንቆፍራት መሬትና አበባውን ከሥር ያቀፈችው አረንጓዴ ቅጠል አንድ ስም አላቸው። ቃሉ መሠረቱ ‹ድርሻ፣ ክፋይ› ነው። እንደዚያ ሲታይ ለሁለቱም ይገባል።

ፕዋቴክም ከአበባ ውጭ ሌላ ሥራ አለው። የበረዶ ብናኝም፣ ለቁርስ ወተት ውስጥ የሚገባው የበቆሎ ቅርፊትም ፕዋቴክ ነው። በካርዱ ጥግ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ግራ እንዳይገባን።

ለሆሳዕና ፖላንዶች ዘንባባ የላቸውም። የአኻያ ቅርንጫፍ ይይዛሉ፤ ለስላሳ ፀጉራም እምቡጥ ያለውን። እምቡጡን ‹ኮትኪ› ይሉታል፤ ትንንሽ ድመቶች። የእንግሊዝኛው ካትኪንም ከኔዘርላንድኛ የመጣና ትርጉሙ ያው ‹የድመት ግልገል› ነው። ጣት ሲነካው ለምን እንደተባለ ወዲያው ይገባል። ካርዱ ላይ አንድ እውነተኛ ኮትኪ በክር አስሬበታለሁ።

ሜይ

ጎረቤታችን ፓኒ የቲማቲም ችግኛችንን በጎጆው መስኮት አይተው ‹ገና!› አሉን። ፓኒ ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ በግቢው ሁሉ ሰው እንዲሁ ይጠራቸዋል። ‹ቀዝቃዞቹ አትክልተኞች› ሳያልፉ ቲማቲም አይወጣም አሉ። እነዚህ ሦስት ቅዱሳን ናቸው፤ ፓንክራጽ፣ ሴርቫጽና ቦኒፋጽ። ቀናቸው ሜይ 12፣ 13 እና 14 ነው። በ15ኛው ቀን ደግሞ ‹ቀዝቃዛዋ ዞሽካ›፣ ማለት ቅድስት ሶፊያ፣ ትዘጋዋለች። በእንግሊዝኛ የበረዶ ቅዱሳን ይሏቸዋል። ፖላንዱ ግን አትክልተኛ አደረጋቸው። ለቀኖቹ አንድ ካርድ ጻፍኩ፤ በሳጥኑ መጀመሪያ ላይ ተቀመጠ።

ችግኝ ልገዛ ስሄድ ያገኘኋቸው ቃላት። የችግኝ ጣቢያ በእንግሊዝኛ ነርሰሪ ነው፤ የሕፃናት ማቆያም ነርሰሪ ነው። በፖላንድኛ የችግኝ ጣቢያው ‹ሽኩውካ› ነው፤ ትንሽ ትምህርት ቤት። አንዱ ችግኝን ያዝላል፣ ሌላው ያስተምረዋል። ዛፍን በዛፍ ላይ ማዳቀል ደግሞ ‹ሽቼፒየኜ› ይባላል። ክትባትም ሽቼፒየኜ ነው። ስለዚህ የክሊኒክ ማስታወቂያና የፖም ችግኝ ሻጭ ማስታወቂያ አንድ ቃል ይዘው ቢገኙ አይግረማችሁ።

በመስኮትና በረንዳ ላይ የሚደረደረውን ቀይ አበባ በእንግሊዝኛ ጄራኒየም ይሉታል። በፖላንድኛ ‹ፔላርጎኒያ› ነው። ከሳይንሱ ጋር የተስማማው ፖላንድኛው ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ሁሉንም ጄራኒየም ውስጥ አስገባቸው። ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ በ1789 ፔላርጎኒየምን ለይቶ አወጣ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው አፍ ግን የድሮውን ይዞ ቀረ። እውነተኛው ጄራኒየም በፖላንድኛ ‹ቦጂሼክ› ይባላል፤ ክረምቱን ከቤት ውጭ ይችለዋል። ፔላርጎኒያ ግን ኖቬምበር ላይ ውጭ ከተረሳ ይሞታል። በአንድ የእንግሊዝኛ ስም ሥር ሁለት የተለያየ እንክብካቤ አለ። ስለዚህ ሁለት ካርድ።

ጁን

የፍሬ ወር ነው፤ ለመጻፍም ለመብላትም።

ቸሪ። እንግሊዝኛ ጣፋጩንም ጎምዛዛውንም ቸሪ ይለዋል። ፖላንድኛ ‹ቼሬሽኛ› ሲል እንዳለ የሚበላው ጣፋጩ ነው። ‹ቪሽኛ› ሲል ለጭማቂ፣ ለማርማላታና ለኬክ የሚሆነው ጎምዛዛው። በሳይንሱም ሁለት ዝርያ ናቸው፤ ፕሩኑስ አቪየምና ፕሩኑስ ሴራሱስ። ዛፎቻቸው በግቢያችን ጎን ለጎን አሉ። ቼሬሽኛው ረጅም ነው፤ ለወፍ ይመቻል።

ስትሮቤሪም እንዲሁ ይለያል። ‹ትሩስካፍካ› ትልቁ የጓሮው ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ከሁለት የአሜሪካ ዝርያዎች የተገኘ ድቅል። ‹ፖዦምካ› ትንሿ የጫካዋ ናት። ሽታዋ ከትልቁ ይበልጣል። ስሟ ከ‹መሬት› ጋር የተያያዘ ነው፤ በእርግጥም መሬቱን ይዛ ነው የምትሄደው።

ዛፍና ፍሬ የተለያየ ስም እንዳላቸውም እዚህ ተጻፈ። ፖሙ ‹ያፕኮ›፣ ዛፉ ‹ያብዎኝ›። ፒሩ ‹ግሩሽካ›፣ ዛፉ ‹ግሩሻ›። ፕለሙ ‹ሽሊፍካ›፣ ዛፉ ‹ሽሊቫ›። ችግኝ ስትገዛ ዛፉን፣ ገበያ ስትወጣ ፍሬውን ነው የምትጠራው።

ጁላይ

ሊፓ አበበ፤ መንገዱ ሁሉ ማር ማር ይላል። የፖላንድ የሊፓ ማርና የሊፓ አበባ ሻይ የታወቁ ናቸው። ብሪታንያውያን ይህን ዛፍ ላይም ይሉታል። ላይም ደግሞ አረንጓዴው ሎሚም ነው። ያ በፖላንድኛ ‹ሊሞንካ› ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ‹የላይም አበባ ሻይ› ካለ ሊሞንካ ፍለጋ አትሂዱ።

ብሉቤሪ ግን ከላይም ይልቅ ያደክማል። እንግሊዝኛ ቢልቤሪ ብሎ የሚለየው የአውሮፓ ጫካ ፍሬ እዚህ ‹ያጎዳ› ነው። ሲሰነጠቅ ውስጡ ሐምራዊ ነው፤ ጣትንም ምላስንም ያቀልማል። በችግኝ መልክ የሚሸጠው ትልቁ ብሉቤሪ ‹ቦሩፍካ አመርካኝስካ› ነው፤ የአሜሪካ ቦሩፍካ። ውስጡ ነጣ ያለ ነው። እስከዚህ ጥሩ። ነገር ግን ክራኮቭ አካባቢ የጫካውን ፍሬ ራሱን ቦሩፍካ ይሉታል። በዚያ ላይ ያጎዳ በሳይንስ ቋንቋ ቤሪ የሚባለው የፍሬ ዓይነት ስም ነው፤ ቲማቲም እንኳ በዚያ አነጋገር ያጎዳ ነው። በካርዱ ላይ ከቃሉ ይልቅ መፈተኛውን ጻፍኩ፦ ሰንጥቀው፤ ሐምራዊ ከሆነ የጫካው፣ ነጣ ካለ የተተከለው።

ከዚህ በኋላ ቀይ ጥግ ያላቸው ካርዶች ይጀምራሉ። ምክንያቱ ‹ባርሽች› ነው። ባርሽች ሲባል ሁሉም የሚያስበው የቀይ ሥሩን ሾርባ ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የተክል ስም ነበር፤ እንግሊዝኛ ሆግዊድ የሚለው። የጥንቱ ሾርባ ከዚያ ተክል ይኮመጥጥ ነበር። ዛሬ ከቤተሰቡ አንዱ በጣም አደገኛ ነው፤ ‹ባርሽች ሶስኖፍስኪየጎ›። በ1950ዎቹ ለከብት መኖ ተብሎ ከካውካሰስ የመጣ ነው። አሁን በወንዝ ዳርና በተተወ ማሳ ይስፋፋል፤ ከሰው ቁመት በላይ ይደርሳል። ፈሳሹ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ልጆች ሰፊ ቅጠሉን እንዳይነኩ ካርዱ ላይ ሥዕሉን በትልቁ አደረግሁት። ‹ባርሽች፣ የቀይ ሥር ሾርባ› ብሎ የሚያበቃ መዝገበ ቃላት ለእኛ አይበቃም።

በዚሁ ምክንያት የጤና አዳም ካርድም ቀይ ጥግ አገኘ። እንግሊዝኛው ሩ፣ ፖላንድኛው ‹ሩታ› ነው። በፖላንድኛ ‹ሩታ ትዘራለች› ከተባለ ልጅቷ ሳታገባ ቆየች ማለት ነው። እኛ ቡና ላይ የምንጨምረው የቅርብ ዘመዱን ነው። ጭማቂው ግን በፀሐይ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ስትከረክሙት ጓንት አድርጉ።

ኦገስት

ፔፐር። ስለዚህ ቃል ቢያንስ አንድ ገጽ መጻፍ ይገባኛል፤ ሐበሻ ነኝና።

እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሦስት ነገር ያጭቃል። ጥቁሩ ቅመም ፔፐር ነው። ትልቁ አትክልትም ፔፐር ነው። የሚያቃጥለውም ፔፐር ነው። አማርኛ ቁንዶ በርበሬ፣ በርበሬ፣ ቃሪያ ብሎ ጥርት አድርጎ አስቀምጦታል። ፖላንድኛም መጀመሪያውን ይለያል፤ ቁንዶ በርበሬ ‹ፒየፕሽ› ነው። የቀረው ሁሉ ‹ፓፕርካ› ነው። ችግሩ ፓፕርካ አትክልቱንም ዱቄቱንም መያዙ ነው። ትኩሱ አትክልት ፓፕርካ፣ የተፈጨው ቀይ ዱቄትም ፓፕርካ። ዱቄቱ ላይ ‹ስዎትካ› ካለ ጣፋጩ ነው፤ ‹ኦስትራ› ካለ የሚያቃጥለው። ኦስትራ የተባለውን ለወጥ ያሰበ ሰው ግን በእኛ ልክ እንዳይጠብቅ። ብቻውን በርበሬን አይተካም። ይህን ካርዱ ላይ ጻፍኩት፤ ከእኛ መሃል አንዷ ‹ይሄ ነው ዋናው መረጃ› አለችኝ።

በዚያው መደርደሪያ ላይ ኦልስፓይስ አለ። ከካሪቢያንና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ቅመም ነው። ፖላንዶች ‹ዤሌ አንጊየልስኪየ› ይሉታል፤ የእንግሊዝ ቅጠል። እንግሊዝ ውስጥ ግን አይበቅልም፤ እንግሊዞችም እንዲያ አይሉትም። በሾርባ ውስጥ ከቤይ ሊፍ ጋር አብሮ የሚገባ ቅመም ስለሆነ ካርዱ ያስፈልጋል።

ስለ ሾርባ ካነሣን ‹ቭዎሽችዝና›። ገበያ ላይ በላስቲክ ወይም በጭራሮ ታስሮ ይሸጣል፤ ካሮት፣ የፓርስሊ ሥር፣ የሰለሪ ሥርና ባሮ ሽንኩርት። ለዚህ እስር እንግሊዝኛ አንድ ቃል የለውም። ስሙ ከ‹ቭዎሂ› ነው፤ ጣሊያን። ሰው የሚያወራው በ1518 ንጉሥ ሲጊስሙንድን ያገባችው ጣሊያናዊቷ ቦና ስፎርዛ አትክልቱን ይዛ እንደመጣች ነው።

እስሩን ስፈታ ሁለት ካርድ መከፈል እንዳለባቸው አየሁ። እንግሊዝኛ ፓርስሊ ሲል ቅጠሉን ነው። ፖላንዱ ‹ፒየትሩሽካ› ሲል ነጩን ሥር ነው የሚያስበው፤ ካሮት ይመስላል። ቅጠሉን ከፈለግህ ‹ናትካ› በል። ሰለሪም ልክ እንደዚያው ነው። እንግሊዝኛው ረጅሙ አረንጓዴ አገዳ ነው። ‹ሴሌር› ያለ ሰው ግን ክብ፣ ሸካራ ሥር ይሰጠዋል። አገዳው ‹ሴሌር ናቾቭ› ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ አሠራር ይዘው ገበያ ለሚወጡ ሁለቱን ካርዶች ከሳጥኑ አውጥቼ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኳቸው።

ድንች በመዝገበ ቃላት ‹ዤምኛክ› ነው፤ ከመሬት የወጣ ስም። ፖዝናን ግን ‹ፕር› ይሉታል። ፓኒ ፕር ቀቅለው ‹ግዚክ› ከሚባለው ነጭ አይብ ጋር አበሉን። ካርዱ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ሌላ ከተማ ሄደው ፕር ቢሉ ‹ከፖዝናን ነህ› ይባላሉ።

ኦክቶበር መጀመሪያ

የእኛ ሀገር ክፍል። ለዚህ አረንጓዴ ማከፋፈያ ወረቀት ገዛሁ።

በአትክልት ሱቆች በጸደይ በመረብ ከረጢት የሚሸጥ ራስ አለ፤ ‹ሚየችክ አቢስኝስኪ›። የአቢሲኒያ ትንሽ ሰይፍ ማለት ነው። የወገኑ የሳይንስ ስም ግላዲዮለስም በላቲን ትንሽ ሰይፍ ነው። በእርግጥም የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ነው፤ ነጭ አበባ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ ምሽት ላይ የሚጣፍጥ ሽታ። በኦገስት ማብቂያ አበበልን። ፓኒ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ አንድ ዘለላ ጠየቁን። የፖላንድ ውርጭ ስለሚገድለው ራሱን አሁን ቆፍረን ማውጣት አለብን።

ጤፍ ‹ሚውካ አቢስኝስካ› ነው። ሚውካ ከ‹የተወደደ› የወጣ ነው። የወገኑ የግሪክ ስምም፣ የእንግሊዝኛውም፣ በፍቅር ነው የሚጠሩት፤ የፍቅር ሣር። ጤፍ በሦስት ቋንቋ የፍቅር ስም አለው። ኑግ ደግሞ ‹ኦለያርካ አቢስኝስካ› ነው፤ ዘይት የምትሰጥ። እዚህ ዘይት አይጨመቅበትም። ለወፍ ምግብና አፈር ለማዳበር የሚዘራ ነው። አንድ ጥግ ላይ ዘራነው፤ ቢጫ አበባው መስከረምን መሰለ።

ስሙ የኢትዮጵያ ሆኖ የእኛ ያልሆነም አለ። ‹ካሊያ ኤቲዮፕስካ› የሚሉት ነጭ የሠርግ አበባ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ጥንት አውሮፓውያን ከሰሐራ በታች ያለውን ምድር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ስሙ ቀረበት። ከአረንጓዴው ክፍል አወጣሁት። ቡናው ግን ገባ፤ በስሙ ‹ካቫ አራፕስካ›፣ የዓረብ ቡና፣ ቢባልም። ከታች በአማርኛ ‹ከኢትዮጵያ› ብዬ ጽፌበታለሁ።

ኖቬምበር

ሊስቶፓት፤ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። የሚየችኩን ራስ አውጥተን አድርቀን፣ ስሙን በእርሳስ ጽፈን ካርቶን ውስጥ ጎጆው አስቀመጥነው።

ዋልነት ከገበያ አመጣሁና ካርዱን ጻፍኩ። ፖላንድኛው ‹ኦዤህ ቭዎስኪ› ነው፤ የጣሊያን ለውዝ። የእንግሊዝኛው ዋልነት የመጀመሪያ ክፍሉ በድሮ እንግሊዝኛ ‹የባዕድ› ማለት ነበር። የሚገርመው ቭዎስኪም ዋልም የመጡት ከአንድ የጀርመናውያን ቃል ነው፤ ለባዕድ ሰው መጠሪያ ከነበረ። ፍሬውን ሁለቱም እንደ እንግዳ ነው የተቀበሉት።

ሳጥኑ አሁን አገልግሎት ላይ ነው። ጎጆው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የግቢው ተማሪዎችም እየመጡ ያያሉ። ለክረምቱ የቀረኝ የዛፎች ክፍል ነው። አሽ በእንግሊዝኛ ዛፍም ነው፣ አመድም ነው፤ ዛፉ ‹ዬሾን›፣ አመዱ ‹ፖፒዩው›። ፕሌን ዛፉ ‹ፕላታን› ነው። ሄምሎክ ግን ከሁሉም በላይ መለየት አለበት። አንደኛው ሄምሎክ የጥድ ዘመድ የሆነ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ‹ሆይና› ይሉታል፤ ለአጥር ይተከላል። ሌላው መርዛማ ቅጠል ነው፤ ‹ሽችቩው ፕላሚስት›። ግንዱ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው፤ ቅጠሉም ፓርስሊ ይመስላል። ለሄምሎክ ሁለት ካርድ እጽፋለሁ። የሁለተኛው ጥግ ቀይ ይሆናል፤ በሳጥኑም ውስጥ ከፒየትሩሽካ ካርድ ጀርባ ይገባል።